የአባቴ ሹራብ ግራ እጅጌ

ድሬዳዋ ላይ ተቀምጣ የሱፍ ሹራብ የምትሠራ ሴት ጤነኛ አትመስልም። እኔ ግን ይኸው ሰሞኑን ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ግንባሬን በነጠላዬ ጫፍ እየጠረግሁ፣ ቡናማውንና ቀዩን ክር አብሬ ይዤ እሠራለሁ። ሱፉ በእጄ ላብ እየረጠበ መርፌው ላይ ይጣበቃል። ልጄ ከሥራ ስትመለስ ቬንትሌተሩን ወደ እኔ ታዞርና "እማዬ፣ ጎረቤት ምን ይለናል? በዚህ ሙቀት ለማን ነው ደግሞ?" ትለኛለች። ለቆሰበር ነው እላታለሁ። ቆሰበር ማለት ዛሬ እንጅባራ የሚባለው ከተማችን ነው፤ እኛ የድሮዎቹ ቆሰበር ማለት አልተውንም። እዚያ ጉሙ ጠዋት ከቀርከሃው ላይ ሳይነሣ ረፋዱን ሁሉ ይተኛል። ሐምሌና ነሐሴ ቀርቶ በጥርም ቢሆን ያለ ሹራብ ከቤት አይወጣም። ለዚህች የሙቀት ልጅ ይህን ማስረዳት አይቻልም።

ሥራውን ያመጣብኝ ወንድሜ ፈንታሁን ነው። ደወለና ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ "እታለም፣ ዘንድሮ ለጥር ጊዮርጊስ ከፈረሰኞቹ ጋር ልወጣ ነው። ሽበቴን አስበሽ እንዳትስቂብኝ። የአባባው ሹራብ እላዬ ላይ አልቋል፤ እንደሱ ያለ ሥሪልኝ" አለኝ።

"ልክህን ላክልኛ።"

"በምን ልለካ? ልብስ ሰፊ ዘንድ ልሂድ?"

"ኮርቻ ላይ ተቀመጥና ልጓም ያዝ፤ ሚስትህ ከትከሻህ እስከ እጅህ አንጓ በገመድ ትለካህ። ቆመህ እንዳትለካ!"

 ከዚያ "አልረሳሽውም አይደል" አለኝ። ወዲያው ኔትወርኩ ተቋረጠ። እኔም መልሼ አልደወልኩም። ክሩን ግን በማግስቱ ገዛሁ፤ በስመ አብ ብዬ የመጀመሪያዋን ቀለበት መርፌው ላይ እንደጣልኩ ያ የረጠበ ሱፍ ሽታ መጣ፣ ይዞኝም ሄደ።

ቆሰበር ያኔ እንዲህ አልሰፋችም ነበር። ዋናው መንገድ ጠጠር ነው፤ ክረምት ሲሆን አውቶቡሱ ጭቃ ይይዘውና ወንዶቹ ወርደው ይገፋሉ፣ እኛ ሴቶቹ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ዳር ዳሩን እናልፋለን። ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ በሯ ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ዘፈን ይለቃል። እኔ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ስለሆንኩ ቆሜ አልሰማም፤ በዚያ በኩል ሳልፍ ግን እርምጃዬ ይዘገይ እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል። ጎረምሶቹ ከታች እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ሱሪ፣ እኛ ሽንሽን ቀሚስና ኮንጎ ጫማ። የሱፍ ክር የሚገኘው ዳንግላ ብቻ ነበር። በአውቶቡስ አንድ ብር ከሃምሳ ከፍዬ ሄድኩ። ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ላይ ተደርድረው መኪናቸውን በእግራቸው ሲረግጡ ድምፁ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ይመስላል፤ ከእነሱ ማዶ ባለ ሱቁ ክሩን በመስታወት ሳጥን ውስጥ በየቀለሙ አሳምሮ አስቀምጦታል። ጥቅሉ ሁለት ብር። ዛሬ በሁለት ብር የመርፌ ቀዳዳ እንኳ አይገዛም። ለመደቡ ቡናማ፣ ለጌጡ ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገዛሁ፤ የፈረስ ግንባር ላይ የሚንጠለጠለውን የክር ዘርፍ እያሰብኩ ነው የመረጥኩት። ስመለስ ጥቅሉን ጉልበቴ ላይ አቅፌ፣ እየደጋገምኩ ላስቲኩን ከፈት እያደረግሁ አየው ነበር።

ሙያውን ያስተማረችኝ ቁስል የሚያጥበው የክሊኒኩ ድሬሰር ሚስት ናት። ጥለት ያለው ሹራብ ሲሠራ ሁለት ክር አብሮ ይሄዳል፤ አንዱ ከፊት ሲታይ ሌላው በጀርባ በኩል ተሰውሮ ያልፋል። "የኋላውን ክር አታንቂው" ትለኝ ነበር። "ካነቅሽው ፊቱ ያማረ ልብስ ይወጣልሻል፤ ሰው ግን አይገባበትም።" መርፌውን ደግሞ የጠረቡልኝ አባቴ ናቸው። ከጓሯችን ቀርከሃ ቆርጠው፣ በቢላዋ አሹለው፣ በጠርሙስ ስባሪ ፍቀው፣ ክር እንዳይዝ ቅቤ ቀቡት። ለማን እንደምሠራ አልጠየቁኝም። ለራሳቸው መሆኑን ሲሰሙ "ለእኔ?" አሉና ወደ ፈረሳቸው ሄዱ። ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ገበሬ እንደመሆናቸው፣ ገበያና ቢሮ ላይ አማርኛ ይናገራሉ፤ ከእኛ ጋር አዊኛ፣ ከፈረሱም ጋር አዊኛ። ከሁላችን ይልቅ ብዙ የሚያወሩት ከፈረሱ ጋር ነበር። ዛሬ እኔ በዚህ አገር ከእግዚአብሔር በቀር አዊኛ የማናግረው የለኝም።

አባቴን በገመድ መለካት አልደፈርኩም። አባት ቆሞ፣ ሴት ልጁ ደረቱንና ክንዱን በእጇ ስትዞረው ነውር መሰለኝ። ስለዚህ እርሻ ሲሄዱ ጠብቄ የድሮ ካፖርታቸውን አልጋ ላይ ዘረጋሁና በስንዝሬ ለካሁት። ቁልፎቹንም ከዚያው ቆርጬ ወሰድኩ፤ ካፖርቱ ከእንግዲህ ምን ይሠራላቸዋል ብዬ። በፍልሰታ ጾም ጀመርኩ። የእመቤታችንን ቀን፣ የመድኃኔዓለምን ቀን፣ ሰንበትን እየዘለልኩ፣ ጥቅምት ላይ ከወገብ በላይ ደረስኩ።

በዚያው ጥቅምት ሽማግሌዎች መጡ። የላካቸው ታደሰ ነው፤ ባሌ፣ ነፍሱን ይማርና። መንገዱን ለመጥረግ የመጣ ግሬደር ነጂ፣ የሐረርጌ ልጅ፣ ዘመድ አዝማድ በአገራችን የሌለው። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም አይቼው ነበር፤ ከዚያ በላይ የማውቀው ጥቂት ነው፣ ጥቂቱ ግን በቅቶኛል። አባቴ ሽማግሌዎቹን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። እሺም እንቢም አላሉም። "ልጅቱ የያዘችው ሥራ አለ" አሉ። "በእኔ ቤት የጀመሩትን ሳይጨርሱ ሌላ መጀመር የለም። ሹራቡ ሲያልቅ ኑ።"

የሰው ልጅ ትዳር በሹራብ ተቀጠረ። ወሬው የመንገድ ሠራተኞቹ ካምፕ ደረሰና የቀን ሠራተኞቹ መሳለቂያ ሆነ። ገበያ ስወጣ አካፋቸውን ተደግፈው "ታደሰ! ሹራብህ የት ደረሰ?" ይላሉ፤ አንዱ ደግሞ ከወዲያ ማዶ "ወገብ አልፏል፣ ብብት ሊገባ ነው!" ብሎ ይመልስለታል። ታደሰ ከግሬደሩ ላይ ሆኖ ጆሮው ይቀላል። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አልፋለሁ፤ እየሳቅሁ መሆኔን እንዳያዩብኝ።

እጅጌው ሳይገባ ገላው ብቻ ሲያልቅ አባቴ ለበሱትና ደጅ ላይ ቆሙ። አማረባቸው። እናቴ ዞር ዞር ብላ ስታይ ቆየችና ድንገት አፏን በእጇ ያዘች። "አንቺ ልጅ! አባትሽ መስቀል ላይ ሊቀመጡ ነው?"

የታችኛው ጠርዝ ላይ ዙሪያውን ነጭ መስቀል ደርድሬ ነበር፤ ለበረከት ብዬ። ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የኋላው ጠርዝ ከመቀመጫቸው ሥር እንደሚገባ ጨርሶ አልታየኝም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ስሠራው ዳዊት እየደገምኩ ነበር። አባቴ ቀስ ብለው አወለቁት፣ ጠርዙን እየዞሩ መስቀሎቹን ተሳለሙና በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ። ሹራብ ደግሞ የሚጀመረው ከታች ነው፣ የሚተረተረው ከላይ። ያችን ጠርዝ ለማውጣት የሦስት ወር ሥራ ሙሉውን ተረተርኩት። በማግስቱ ካምፑ ሰማ፤ "ታደሰ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ!" ሲሉት ዋሉ።

መስቀሉን ወደ ደረት አወጣሁት፤ ለጠርዙ የፈረሱን ዘርፍ የመሰለ ጥለት ሠራሁለት። በነቢያት ጾም አጋማሽ እጅጌውም ገባ። ደጅ ላይ ቆመው ሲለብሱት እናቴ እልል ልትል ቃጣት። አባቴ ግን እጃቸውን ወደ ታች ዘርግተው አዩና "ሰው ቆሞ አይጋልብም" አሉ። ኮርቻውን አምጥተው ደጅ የተጋደመው ግንድ ላይ ጫኑ፤ ከነሹራባቸው ወጡበት፤ ልጓሙንም እንደያዘ ሰው ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ሰደዱ። እጅጌው ሸሽቶ ክርናቸው አጠገብ ደረሰ። እኔ የለካሁት አልጋ ላይ የተኛ ካፖርት እንጂ የሚጋልብ ሰው አልነበረማ። አልተቀየምኳቸውም፤ እውነታቸውን ነው። እጅጌውን ከትከሻ ወደ ታች ስለሠራሁት ጫፉን ፈትቼ ማስረዘም ከባድ አልነበረም። በሳምንት ጨረስኩ።

እንደገና ግንዱ ላይ ወጡ። እጃቸውን ሰደዱ። እጅጌው የእጃቸው አንጓ ላይ መጥቶ እዚያው ቆመ። ያን ጊዜ በሕይወቴ እንዲህ ልኩን ያገኘ ነገር የሠራሁ አልመሰለኝም።

"አሁንስ አባዬ?"

"ብብቱ ይይዘኛል።"

እናቴ ተጠጋችና እጇን እስከ አንጓዋ በብብታቸው ሥር አስገባች። "ይኼ እኮ ለእኔም ይበቃል" አለች።

"ይይዘኛል" አሉ ደግመው፣ ወደ ጫካው እያዩ።

ብብት ለማስፋት እጅጌው ከጫፍ እስከ ትከሻ መፈታት አለበት። ሁለቱንም ፈታሁ። ጥር ጊዮርጊስ በዚህ መሐል ደረሰ፤ አባቴ ያንኑ ካፖርት ለብሰው ወጡ። ቁልፍ የለውም፤ ቁልፉን እኔ ቆርጬዋለሁ። በገመድ ታጥቀውት ነበር። ያ ሁሉ ፈረሰኛ በጌጥ ተንቆጥቁጦ ሜዳው ላይ ሲጎርፍ፣ ሴቱ እልል ሲል፣ ወንዱ ሲያቅራራ፣ እኔ የማየው በገመድ የታጠቀውን ሰው ብቻ ነበር። አንድ ጓደኛቸው "ምነው፣ ልጅህ ሹራብ ትሠራለች አልተባለም?" ሲላቸው ሰማሁ። "ትሠራለች" አሉት፤ "ሥራ አይቸኮልም።" ከበዓሉ በኋላ የሰፋውን ለበሱ። አሁን ደግሞ አንገቱ ይከረክረኛል አሉ። ፈታሁት። አንገቱ ሲስተካከል ግራው ትከሻ ከበደኝ አሉ። ግራውን እጅጌ ደግሜ ነቀልኩ። ክሩ ከመፈታትና ከመጠምጠም ብዛት እንደ ሽማግሌ ፀጉር ሳሳ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ጥጥ እየፈተለች፣ እንዝርቷን አቆመችና "እስከ መቼ ትፈቺዋለሽ?" አለችኝ።

"አባዬ ይይዘኛል ካሉ ምን ላድርግ?"

"ምንም አይዛቸውም። ሲያልቅ ትሄጃለሽ፤ የሚያውቁት እሱን ነው። ከቅበላ በፊት ካላለቀ ደግሞ በሁዳዴ ሠርግ የለም። ፋሲካ እስኪደርስ ካምፑ ተነቅሏል፤ ያም ልጅ ማሽኑን ተከትሎ ይሄዳል።"

"ታዲያ ምን ይሻለኛል?"

"እኔን አትጠይቂኝ" አለችና እንዝርቷን አዞረች። "እኔም እናትሽ ነኝ።"

ለቅበላ ዘጠኝ ቀን ቀርቶ ነበር። በነዚያ ቀናት የሆንኩትን ለንስሐ አባቴም በቅጡ አልነገርኩም። ፈጥኜ ብሠራ አባቴን በገዛ እጄ የማሰናብት ይመስለኛል፤ ብዘገይ ታደሰ ይሄዳል። አባቴ ደግሞ አንድ ቃል አይናገሩም። አንድ ጊዜ ብቻ "አትሂጂ" ቢሉኝ እቀር ነበር፤ እሳቸውም ይህን ያውቁ ነበር መሰለኝ፣ አላሉኝም። ሹራብ መሥራት ከተማርኩ ጀምሮ ረድፍ ሳልቆጥር የሠራሁት ያንን የግራ እጅጌ ብቻ ነው። እጄ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ ዓይኔ ጥለቱን ያያል፣ ልቤ ሌላ ቦታ ነው።

የቅበላው ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ፈረሳቸውን ጭነው ወደ ገበያ ሊወጡ ሲሉ ሹራቡን ይዤ ደረስኩ። ለበሱት፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፉ። ግንዱን አልፈለጉም፤ ፈረሱ ላይ ወጡና ልጓሙን ያዙ። ቀኙ የእጃቸው አንጓ ላይ ቆመ። ግራው ግን ወረደ፣ ወረደና የጣቶቻቸውን መገጣጠሚያ ሸፈነ፤ በልጓሙና በመዳፋቸው መካከል ገባ። እኔም አየሁት፣ እሳቸውም አዩት። ማንም የሚያየው ስሕተት ነበር።

"አባዬ፣ ግራው ረዝሟል። ሁለት ጣት ነው፤ ይስጡኝ፣ ዛሬውኑ..."

"ልክ ነው።"

"እጅዎን ሸፈነው እኮ!"

"ልክ ነው አልኩሽ፣ የሺ። ሂጂና ለእናትሽ፣ ሽማግሌዎቹ ይምጡ በያት።"

ፈረሱን አዞሩ። በአዊኛ የሆነ ነገር ሲነግሩት ይሰማኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አልያዝኩትም።

ሠርጉ በማግስቱ፣ በቅበላው እሑድ፣ በጥድፊያ ሆነ፤ ጠላው እንኳ በደንብ አልበሰለም። አባቴ ሹራባቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ሲመርቁኝ ግራው እጅጌ ግንባሬ ላይ ወረደ፤ ሱፉ ፊቴን በላኝ። ምርቃቱ ረጅም ነበር። ያን ሁሉ ቃል በአንድ ጊዜ ከአፋቸው የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር እንደ ሰው ሁሉ ነው። ታደሰ ወደዚህ ተዛወረ፣ ልጅ መጣ፣ ሌላ ልጅ መጣ። ልሂድ ስል አንዱ ይታመማል፤ አንዱ ሲድን መንገዱ ይዘጋል፤ ጊዜውም ጊዜ አልነበረም። ዛሬም ቢሆን መንገድ እንደልብ አይደለም፤ ሰው አገሩ ለመግባት ወሬ ይጠይቃል። ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ፈንታሁን ነበር። እኔ በየደብዳቤዬ ግርጌ "የግራው እጅጌ እንዴት ሆነ? የድሬሰሩ ሚስት ታሳጥርላቸው" እላለሁ፤ እሱ በየደብዳቤው ግርጌ "ሹራቡ ደህና ነው" ይለኛል። ደህና ነው ከተባለ አሳጥረውታል ብዬ ተውኩት። በሄድኩ በአሥራ አንደኛው ዓመት የአባቴ መርዶ መጣ። ለአርባቸው ደረስኩ።

ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ በማግስቱ ጠዋት፣ እናቴ ሹራቡን አውጥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። ክርኑ ሳስቷል። ቡናማው በፀሐይ ብዛት ገርጥቷል፣ ቀዩም የሸክላ መልክ ይዟል። ቀኙ እጅጌ እንዳለ ነው። ግራው ጫፉ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ውጭ ታጥፏል፤ እጥፋቱ ከመቆየቱ የተነሣ የተሰፋ ይመስላል።

"ማንም አላሳጠረላቸውም?" አልኳት።

"የድሬሰሩ ሚስት ስንት ጊዜ ላስተካክል አለች። እኔም ለምኛቸው ነበር፤ ፈረስ ላይ ሆነው እጥፋቱ እየተፈታ ልጓም ሲያስቸግራቸው እያየሁ። አይሆንም። 'ተዉት' ይላሉ፣ 'ሠሪዋ ስትመጣ ታስተካክለዋለች።'"

እጥፋቱን ገለበጥኩት። ውስጡ ያለው ሁለት ጣት ቀይ ፀሐይ አላየውም፤ ዳንግላ ከመስታወቱ ሳጥን እንደወጣ ነው። ደጅ ወጥቼ ግንዱ ላይ ተቀመጥኩ። በስመ አብ ብዬ ጫፉን ፈታሁት፣ ረድፉን ቆጠርኩ፣ የተረፈውን ቆርጬ ቀለበቶቹን እንደገና ዘጋሁ፤ ከቀኙ ጋር አጋጥሜም ለካሁት። ልክ መጣ። ቀና ስል ጉሙ ገና ከቀርከሃው ላይ አልተነሣም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቁኝ ሥራ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም።